ሀሁን ያልናቀ ተጫዋች

ልጆች ሆይ፤ ፊደል ቆጥራችሁ ወደ ንባብ ስትሻገሩ፥ «ሀሁ ከእንግዲህ ወዲህ ምን ያደርግልናል፤ እርሱ የሕፃናት ነው» የሚል አሳብ በልባችሁ ይገባ ይሆናል። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አስቤ ነበር። አቡጊዳውን በደንብ ሳላጠና ወደ መልእክተ ዮሐንስ አሻግሩኝ ብዬ መምህሬን ብለምናቸው፥ ምንም ሳይመልሱ የፊደሉን ገበታ አነሡና ከመካከል አንዲቱን ፊደል በስንደዶ ነክተው «ይህች ማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ። በተራዋ ሲመጡባት የማውቃት ፊደል ብቻዋን ብትጠየቅ ጠፋችብኝ። እንደ ገና ከሀሁ ጀመርሁ።

ዛሬ የምታነቡት ታሪክ የአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ታሪክ ነው። ስሙ ቲም ደንከን ይባላል። በዓለም ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን፥ ዝናውን ያገኘው ሌሎቹ ሀሁ ነው ብለው የተዉትን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲደጋግም በመኖሩ ነው። በዚህ ታሪክ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ጨዋታውን ላላየ ልጅ ጥቂት ልንገረው። በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር ነበረ። ወራቱ የብርድና የበረዶ ወራት ስለ ነበረ ተማሪዎቹ ወደ ሜዳ ወጥተው ለመጫወት አልቻሉም። መምህሩም በቤት ውስጥ የሚሆን ጨዋታ ሲያስብ ቆይቶ፥ የኮክ ፍሬ የሚያኖሩባቸውን ሁለት ቅርጫቶች ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ግራና ቀኝ አንጠለጠለ፤ ልጆቹንም ከሁለት ከፍሎ ኳሱን በእጃቸው ወደ ቅርጫቱ እንዲጥሉ አዘዛቸው። የጻፈላቸው ሕግ ዐሥራ ሦስት ብቻ ነበረ። ዛሬ ቅርጫቱ ቀርቶ በስፍራው የብረት ቀለበት ገብቷል፤ ከመሬት እስከ ቀለበቱም 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነው። ከቀለበቱ በስተኋላ አንድ ሰፊ ሰሌዳ ይቆማል። ሰሌዳው በመጀመሪያ የተተከለው፥ በሰገነት የተቀመጡት ተመልካቾች እጃቸውን እየዘረጉ ኳሱን ስላስቸገሩ እነርሱን ለመከልከል ነበረ። ይህን ሰሌዳ አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከእያንዳንዱ ወገን አምስት አምስት ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን በቀለበቱ ውስጥ ያሳለፈ ሁለት ነጥብ ያገኛል፤ ከሩቅ ሆኖ ያሳለፈ ሦስት ያገኛል። ተቃራኒው በጨዋታው መካከል የበደለው እንደ ሆነ ደግሞ ማንም ሳይከለክለው ብቻውን ቆሞ ይጥላል፤ ለዚህ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል።

ቲም ደንከን በ1976 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በካሪቢያን ባሕር ውስጥ በምትገኘው በሴንት ክሮይ ደሴት ተወለደ። ደሴቲቱ ቨርጂን ደሴቶች ከሚባሉት አንዲቱ ናት፤ በአሜሪካ መንግሥት ሥር ትተዳደራለች። አባቱ ግንበኛ፥ እናቱ አዋላጅ ነበሩ። ሁለቱ ታላላቅ እኅቶቹ ዋናተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዲቱ በ1988 ዓ.ም. በሴኡል ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር ስለ ደሴቶቹ ዋኝታለች። ታናሽ ወንድማቸውም የእነርሱን ፈለግ ተከትሎ በ400 ሜትር ዋና ከእኩዮቹ የበለጠ ሆነ። አሳቡ ሁሉ በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና በሚደረገው ኦሎምፒክ ለመዋኘት ነበረ። ስለ ቅርጫት ኳስ ግን በዚያን ጊዜ ልቡ አልነበረም።

በ1989 ዓ.ም. በመስከረም ወር ሂውጎ የሚባል ዐውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ላይ መጣ። በእኛ አገር ነፋስ ቢበረታ የጎጆ ክዳን ይገልጣል፥ ዛፍ ይጥላል። የባሕር ዐውሎ ነፋስ ግን ከዚህ እጅግ የተለየ ነው፤ ግንቡን ያፈርሳል፥ መርከቡን ከባሕር አውጥቶ ከምድር ላይ ያስቀምጣል። ሂውጎ ከሄደ በኋላ ከፈረሱት ነገሮች መካከል በደሴቲቱ የነበረው አንድ ብቻ የሆነ ታላቅ የመዋኛ ገንዳ ነበረ። ዋናተኞቹ ከእንግዲህ ወዲህ በባሕሩ ውስጥ መለማመድ ግድ ሆነባቸው። ቲም ግን ሻርክ የሚባለውን፥ ሰውን የሚነክስ ታላቅ ዓሣ ይፈራ ነበረና ወደ ባሕሩ መግባት አልወደደም። አትሣቁበት፤ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረ፤ እናንተስ ብትሆኑ?

በዚያው ወራት እናቱ በጡት ነቀርሳ ታመመች። እርሷም ልጆቿን ሁሉ አንድ ቃል አስገብታቸው ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው የከፍተኛ ትምህርት ቤትን ትምህርት እስከ መጨረሻው እንዲፈጽሙ ነው። በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ዐረፈች። በማግሥቱ ቲም ዐሥራ አራት ዓመት ሞላው። ከዚያ ወዲያ ለውድድር አልዋኘም።

ታላቂቱ እኅቱ ያገባችው ሰው በአሜሪካ ሲማር ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበረ። ይህ አማቹ ልጁ በኀዘን ሲቀመጥ አይቶ ኳስ ይዞ ከሜዳ አወጣው፤ ከመጀመሪያውም ጀምሮ ያስተምረው ገባ። ኳሱን ሳያዩ ማንጠርን፥ እግርን እንዴት እንደሚያዞሩ፥ በየትኛው እጅ እንደሚያቀብሉ አሳየው። ልጁ ኋላ እጅግ ረጅም እንደሚሆን ገና አልታወቀም ነበርና፥ ያስተማረው ለአጭር ተጫዋች የሚያስፈልገውን ሥራ ጭምር ነው። ኋላ ግን ቁመቱ 2 ሜትር ከ11 ሳንቲም ደረሰ። ረጃጅሞቹ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ያልተማሩትን እርሱ እንዲህ ባለ አጋጣሚ ተምሮት ተገኘ። ቲም በኋላ ዘመን በልብሱ ላይ የለበሰው 21 ቍጥር አማቹ በትምህርት ቤቱ ሳለ ይለብሰው የነበረው ቍጥር ነው።

በ1993 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና አገር ወዳለው ወደ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ስሙ በአሜሪካ ሁሉ ተሰማ። በዚያ አገር ኤን ቢ ኤ የሚባል፥ በደመወዝ የሚጫወቱ ሰዎች የሚገኙበት ማኅበር አለ፤ ደመወዙም በሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነው። ከእኩዮቹ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደዚያ ሄዱ። ቲምም ቢሄድ በደስታ እንደሚቀበሉት የማያውቅ አልነበረም። እርሱ ግን በ1995 ዓ.ም. አልሄደም፤ በ1996 ዓ.ም.ም አልሄደም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆማችሁ አስቡ። ተጫዋች ሀብቱ ጉልበቱ ነው። አንድ ቀን ወድቆ ጕልበቱ ቢሰበር ያ ሁሉ ሚሊዮን እንደ ጉም ይተናል። ቃሉን የተቀበለችው እናቱ ደግሞ ከሞተች ብዙ ዓመት አልፏታል፤ «የገባህልኝ ቃል ወዴት አለ?» ብላ የምትጠይቀው አልነበረችም። ቢተወው የሚወቅሰው ሰው ባልተገኘ፤ እንዲያውም «ብልህ ነው» ባሉት ነበር። እርሱ ግን አራቱን ዓመት ፈጸመ። በ1997 ዓ.ም. ስለ ሰው ልቡናና ጠባይ የሚመረመርበትን ትምህርት ጨርሶ ተመረቀ፤ በዚያውም ዓመት የዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

በዚያ ማኅበር ሥርዓት ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ከአዲሶቹ ተጫዋቾች አስቀድሞ ለመምረጥ በዕጣ ይወዳደራል። በ1997 ዓ.ም. ዕጣው በቴክሳስ አገር ላለው ለሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ወጣ። ይህ ቡድን ታላቁ ተጫዋቹ ዴቪድ ሮቢንሰን ስለ ታመመበት ከ82 ጨዋታ 20 ብቻ አሸንፎ ነበር። ቡድኑም ከሁሉ አስቀድሞ ደንከንን መረጠ። አሠልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ልጁን ለማወቅ እስከ ሴንት ክሮይ ድረስ ሄዶ ጐበኘው፤ ሁለቱም በባሕሩ አብረው ዋኙ። ሻርክ የሚፈራው ልጅ በዚያን ቀን ምን እንዳሰበ ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስ። በዚያ ዘመን ወጣቶቹ ሁሉ የሚወዱት ዘሎ ኳሱን በቀለበቱ ላይ በኃይል መወርወር ወይም ተመልካቹን በሚያስደንቅ አኳኋን መጣል ነበረ። ደንከን ግን ከቀለበቱ በስተጐን በጥቂት ርቀት ይቆማል፤ ኳሱን ወደ ቀለበቱ ሳይሆን በሰሌዳው ላይ ወደ ተሣለው አራት ማዕዘን ይጥለዋል። ኳሱ ሰሌዳውን መታ አድርጎ በቀለበቱ ውስጥ ይወርዳል። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ብርሃን በመስተዋት ላይ ሲያርፍ በመጣበት ልክ ወደ ሌላው ወገን እንደሚመለስ፥ ኳሱም ሰሌዳውን በነካበት ልክ ይመለሳል። ስለዚህ የት ቆሞ የትኛውን ነጥብ መምታት እንደሚገባው ያወቀ ሰው እምብዛም አይስትም። ማወቁ ግን በአንድ ቀን አይገኝም፤ አንዱን ስፍራ ሺህ ጊዜ፥ ሌላውንም ስፍራ ሺህ ጊዜ ቆሞ መጣል ይጠይቃል። አዳራሹ ባዶ ሲሆን፥ የሚያጨበጭብም በሌለበት ጊዜ ማለት ነው።

ሻኪል ኦኒል የሚባለው ታላቅ ተጫዋች ይህን አይቶ አንድ ቅጽል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም በእኛ ቋንቋ «ታላቁ የመሠረት ሰው» እንደ ማለት ነው። አንዳንድ ጋዜጠኞች ግን «አሰልቺ ነው» ይሉት ነበር። ነጥብ ሲያገባ አይጮኽም፥ ደረቱን አይመታም፥ ተቃራኒውን አይሰድብም። ዝም ብሎ ወደ ስፍራው ይመለሳል። እኔ እንደሚመስለኝ አሰልቺ ያሉት ሰዎች የተመለከቱት ፊቱን እንጂ እግሩን አይደለም።

ነገር ግን ሁሉ ነገር ተሳካለት ብላችሁ አታስቡ። ብቻውን ቆሞ፥ ማንም ሳይከለክለው የሚጥለው አንድ ነጥብ፥ ከሁሉ የቀለለው ማለት ነው፥ እርሱ ዕድሜውን ሙሉ የተቸገረበት ነበረ። በዘመኑ ሁሉ ከመቶው ሰባ ያህል ብቻ አገባ፤ በ2004 ዓ.ም. በተፈጸመው የውድድር ዘመን ደግሞ ከመቶው ወደ ስድሳ ወረደ። ከተማረው ሀሁ ውስጥ አንዲቱ ፊደል እየጠፋችበት ኖረ ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቡድኑ የኒው ዮርክን ቡድን አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያም በ2003፥ በ2005ና በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ወሰደ። ሁሉን አልተርክላችሁም፤ የ2003ቱን የመጨረሻ ጨዋታ ብቻ ልንገራችሁ። በዚያ ምሽት ደንከን 21 ነጥብ አገባ፤ ከቀለበቱ የነጠረውን ኳስ 20 ጊዜ ያዘ፤ ለባልንጀሮቹ አቀብሎ 10 ጊዜ እንዲያገቡ አደረገ፤ የተቃራኒዎቹን ኳስ 8 ጊዜ በእጁ መከተ። የእርሱን ነጥብ ብቻ የሚመለከት ሰው 21ን አይቶ ያልፋል። ከሥራው ግን ገሚሱ ነጥብ ተብሎ የማይቈጠር ነው።

ዕድሜው እየገፋ ሄደ። በ2012 ዓ.ም. አዲስ ውል ሲዋዋል፥ በዓመት ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ደመወዙ ከ10 ሚሊዮን በታች እንዲሆን ተስማማ። በማኅበሩ ሕግ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ገንዘብ ልክ አለውና፥ እርሱ ብዙ ቢወስድ ለባልንጀሮቹ የሚተርፈው ጥቂት ይሆን ነበር። እርግጥ 10 ሚሊዮንም ቢሆን ለእኔና ለእናንተ የማይታሰብ ሀብት ነው፤ ቢሆንም በፈቃዱ የራሱን ድርሻ የሚቀንስ ሰው ብዙ አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. በሰኔ ወር ስፐርስ ከማያሚ ሂት ጋራ ለዋንጫ ተገናኙ። ዋንጫውን የሚወስደው አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈው ነው። ሳን አንቶኒዮ ሦስት ጊዜ አሸንፈው ስድስተኛው ጨዋታ ሊፈጸም 28 ሰከንድ ሲቀረው በአምስት ነጥብ ይበልጡ ነበር። ሠራተኞች ሜዳውን በገመድ ለማጠር ተነሥተው ነበር፤ ዋንጫውም ቀርቦ ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን የማያሚ ሰዎች ደረሱባቸው፤ ሬይ አለን የሚባለው ከሩቅ በጣላት ሦስት ነጥብ እኩል ሆኑ፥ በተጨመረውም ጊዜ ማያሚ አሸነፉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ። አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር ማያሚ 90፥ ሳን አንቶኒዮ 88 ነበሩ። ኳሱ ወደ ደንከን መጣ። ፊት ለፊቱ የቆመው ሼን ባቲየር በቁመት ከእርሱ ያንስ ነበረ። ቀለበቱ ቅርብ ነው። ይህን ኳስ በልጅነቱ በአማቹ ፊት፥ በዌክ ፎረስት፥ በሳን አንቶኒዮም ባዶ አዳራሽ ስንት ጊዜ እንደ ጣለው ቍጥሩን የሚያውቅ የለም። ዞረና ጣለው። ሳተ። ኳሱ ነጥሮ እንደ ገና ወደ እጁ ቀረበ፤ በጣቱ ጫፍ መልሶ ነካው። አሁንም አልገባም። ደንከን ለመከላከል እየሮጠ ሲመለስ ጐንበስ ብሎ ወለሉን በሁለት እጁ በኃይል መታው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቍጣውን ያላዩ ሰዎች ያን ጊዜ አዩት። ማያሚ 95 ለ88 አሸነፉ።

ከጨዋታው በኋላ በጠየቁት ጊዜ ጥፋቱን በባልንጀራው ላይ አላሳበበም፤ ያ ጨዋታ ሁልጊዜ እያሳደደው እንደሚኖር ተናገረ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበረ፤ በዚያ ዕድሜ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ጫማቸውን ሰቅለዋል። ደክሞኛል ቢልም ማንም ባልፈረደበት ነበር።

እርሱ ግን በመከር ወራት ከወጣቶቹ ጋራ እንደ ገና ልምምድ ገባ። ያው ሰሌዳ፥ ያው የእግር አዟዟር። በሚመጣው ዓመት በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ቡድኖች እንደ ገና ለዋንጫ ተገናኙ። የሳን አንቶኒዮ ሰዎች በዚያ ጊዜ ኳሱን ለራሱ የሚይዝ አልነበረባቸውም፤ አንዱ ለአንዱ፥ እርሱም ለሌላው፥ ሌላውም ከሁሉ ይልቅ ባዶ ስፍራ ለቆመው ያቀብላል። አራት ለአንድ አሸነፉ፤ ያሸነፉባቸውም አራት ጨዋታዎች ሁሉ በ15 ነጥብና ከዚያም በላይ ነበሩ። የውድድሩ ምርጥ የተባለው ካዋይ ሌናርድ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት እንጂ ደንከን አልነበረም። ደንከንም በዚህ ቅር ሲለው ያየው የለም።

በ2016 ዓ.ም. ኮቢ ብራያንት የሚባለው ታላቅ ተጫዋች ጨዋታ ሲተው በየከተማው እየተሰናበተ፥ ሕዝቡም እያጨበጨበለት ሄደ፤ የሚገባውም ነበረ። ደንከን ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በአርባ ዓመቱ ሲተው ቡድኑ አጭር ጽሑፍ ብቻ አወጣ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ዐሥራ ዘጠኝ የውድድር ዘመን በአንድ ቡድን ብቻ ተጫወተ፤ ከእነዚህም በአንዱ እንኳ ቡድኑ ለዋንጫ ከሚወዳደሩት ሳይገባ አልቀረም። 26,496 ነጥብ አገባ፤ የነጠረውን ኳስ 15,091 ጊዜ ያዘ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2020 ዓ.ም. እርሱና ኮቢ ብራያንት የታላላቅ ተጫዋቾች ስም በሚጻፍበት መዝገብ ለመግባት አብረው ተመረጡ። ብራያንት ግን በዚያው ዓመት በጥር ወር በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቶ ነበር።

ደንከን ጨዋታ በተወ በዓመቱ፥ በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ ኤርማና ማሪያ የሚባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በተከታታይ በቨርጂን ደሴቶች ላይ መጡ። ማሪያ የመታችው ሴንት ክሮይን ነበረ። ቤቱ ክዳን አጣ፥ መብራቱ ጠፋ፥ ውኃውም ታጐለ። ብዙ መናገር የማይወደው ሰው በዚያን ጊዜ ራሱ ጽሑፍ ጻፈ፤ በልጅነቱ ሂውጎ ሲመጣ ያየውን ተርኮ ደሴቶቹን እንዳይረሷቸው ሰዎችን ለመነ። ከራሱም ገንዘብ 250,000 ዶላር ወዲያው ሰጠ፤ ሌሎች ሰዎች የሚሰጡትንም እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ድረስ በእኩል ሊጨምርበት ቃል ገባ።

ከዚያም ገንዘብ ልኮ በቤቱ አልተቀመጠም። ምግብና ለችግረኛ የሚያስፈልገውን ዕቃ በአውሮፕላን አስጭኖ፥ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ሆኖ፥ የመዋኛ ገንዳው በፈረሰባት፥ እናቱም በሞተችባት ደሴት ላይ ወረደ።